የጣና ዳር ወፎች በበጋ፦ የግማሽ ቀን የጀልባ ጉዞ ገንዘቡን ያህል ይሰጣልን?

ከባሕር ዳር ወደብ ተነሥቶ የሐይቁን ደቡባዊ ዳርቻ በመከተል ዓባይ ከጣና እስከሚወጣበት አፍ የሚደርሰው፣ ከዚያም እንደ ተሳፋሪው ፍላጎት ወደ ዘጌ የሚያቀናው የግማሽ ቀን የጀልባ ጉዞ በዋናነት የተዘጋጀው ለገዳማት ጎብኚዎች ነው። ይሁንና ይህንኑ መስመር ወፍ ማየት ለሚሻ ሰው በተለየ አኳኋን የሚያቀርቡ ጀልባ ነጂዎች አሉ፤ ይህ ጽሑፍ የሚመዝነውም የእነርሱን አገልግሎት ነው። የተሳፈርሁባቸውን ጀልባዎች ስም አልጠቅስም፤ ጉዞውን ጥሩ ወይም መጥፎ የሚያደርገው የጀልባው ባለቤት ማንነት ሳይሆን በዕለቱ ሞተሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ጠባይ መሆኑን ስላየሁ፣ ስሙ ለአንባቢ የሚጠቅም አይመስለኝም።

ለዚህ ጉዞ የሚስማማው ወቅት በጋ፣ በተለይም ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ረግረጉ በረዶ ሲሠራ፣ በዚያ ምግብ የሚያጡት ወፎች ረጅሙን መንገድ ተጉዘው ወደ እኛ ይወርዳሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ጣናን ከማይለቁት ወፎች ጋር ተቀላቅለውም ወራት ያሳልፋሉ። ሐይቁ የክረምቱን ጎርፍ ተቀብሎ በመስከረምና በጥቅምት ከፍተኛ መጠኑ ላይ ከደረሰ በኋላ እስከ ግንቦትና ሰኔ ድረስ እየጎደለ ይሄዳል። ውሃው በሸሸ ቁጥር ጭቃው ይገለጣል፤ በጭቃው ውስጥ ያለው ትልና ነፍሳትም ምንቃራቸውን እየሰኩ ለሚመገቡት ወፎች ቅርብ ይሆናል። ስለዚህ በእኔ ግምት ጥር ከኅዳር ይበልጣል፤ በኅዳር እንግዳው ወፍ ቢደርስም ዳርቻው ገና በውሃና በሣር የተሸፈነ በመሆኑ፣ ከጀልባ ላይ ሆኖ ለሚፈልገው ሰው አብዛኛው ይሰወርበታል።

የመነሻ ሰዓት የአገልግሎቱ የመጀመሪያ ፈተና ነው። ገዳማትን ለመሳለም የሚሄድ ሰው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቢነሣ የሚያጣው ነገር የለም፤ ለወፍ ግን ያ ሰዓት አርፍዷል። ጠዋት ጣና እንደ መስታወት ተኝቶ ይቆያል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ግን ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ያንገላታል፣ ወፉም ወደ ደንገሉ ውስጥ ይገባል። የሚመረጠው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት ነው። አገልግሎቱን ከሚሰጡት መካከል አንዱ ገና በስልክ ስንነጋገር «ጋሼ፣ ፀሐይ ሳትሞቅ ካልደረሱ ገንዘብዎን ባይከፍሉኝ ይሻላል» ሲለኝ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑን ከዚያው ገመትሁ፤ ግምቴም ልክ ነበር።

ይህ ወጣት ወፎቹ ወደሚገኙበት አልነዳንም ማለት ይቻላል። ከወደቡ ጥቂት እንደራቅን ነጭ ፔሊካኖች ተሰብስበው አየና ሞተሩን አጠፋ፤ ጀልባዋም በራሷ ግፊት ጥቂት ተንሳፍፋ ቆመች። ፔሊካኖቹ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ተደርድረው እየዋኙ ዓሣውን ወደ መካከል ይገፉ ነበር፤ ክቡ ሲጠብም ሁሉም በአንድ ጊዜ ክንፋቸውን ከፍ፣ ምንቃራቸውን ዝቅ ያደርጉና ከምንቃራቸው ሥር ያለው ቢጫ ከረጢት ውሃ ሞልቶ ይወጠራል። ከዚያ ምንቃራቸውን ወደ ደረታቸው ደፍተው ውሃውን በዝግታ ያፈስሳሉ፣ የቀረውን ዓሣ ቀና ብለው ይውጣሉ። ይህን እየደጋገሙ ወደ እኛ ቀረቡ፤ በመጨረሻም ያለ ባይኖኩላር (ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር) የላባቸው ሐመር ሮዝ ቀለም እስኪታይ ድረስ ተጠጉን። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጀልባ ነጂው አንድም ቃል አልተናገረም። ለአገልግሎቱ የምከፍለው ገንዘብ ለዚህ ዝምታ እንደሆነ ነው የምቆጥረው።

በተቃራኒው በሌላ ጊዜ የተሳፈርሁበት ጀልባ ነጂ ፔሊካኖቹን እንዳየ ሞተሩን አጉርቶ በመካከላቸው ገባ፤ «ሲበሩ ነው ፎቶው የሚያምረው» የሚል እምነት አለው። ፎቶው ማማሩን አልክድም። ነገር ግን 10 ኪሎ ግራም ያህል ሊመዝን የሚችል ወፍ ከውሃ ላይ ለመነሣት ረጅም ርቀት እየተንደረደረና ክንፉን እየመታ የሚያባክነው ጉልበት ቀላል አይደለም፤ በአንድ ጠዋት በተደጋጋሚ የተባረረ መንጋም ያንን ዳርቻ ትቶ ይሄዳል። ለእንዲህ ያለው ጉዞ ጥቂት ገንዘብ እንኳ መክፈል ብክነት ነው፤ ተሳፋሪው «አታባርራቸው» ለማለት ማፈር የለበትም፤ ጀልባ ነጂው ደስ ያሰኘው መስሎት ስለሆነ የሚያደርገው፣ ሲነገረው አይቀየምም።

የዓባይ አፍ የጉዞው ምርጥ ክፍል ነው። ውሃው ከሐይቅነት ወደ ወንዝነት በሚለወጥበት ሥፍራ ግራና ቀኙን ደንገልና ፊላ ከብቦታል፤ በደንገል ታንኳ የሚመላለሱ ዓሣ አስጋሪዎችም በዝግታ ያልፋሉ። ዓሣ አዳኙ ጥቁርና ነጭ ወፍ በአየር ላይ ክንፉን እያርገበገበ በአንድ ቦታ ይቆምና በድንገት እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ረጅም አንገቱን ብቻ ከውሃ በላይ አውጥቶ ስለሚዋኝ ከሩቅ እባብ የሚመስለው ወፍም እዚህ አይጠፋም። እኔ ግን ከሁሉም ረጅም ጊዜ የሰጠሁት ለጃካና ነው፤ ይህች ደረቷ ነጭ፣ ጀርባዋ ቀይ ቡናማ የሆነ ወፍ እጅግ ረጃጅም የእግር ጣቶቿ ክብደቷን ስለሚያካፍሉላት በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ ሳትሰምጥ ትራመዳለች። እንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩቶቹን የሚያሳድገው ወንዱ ሲሆን፣ አደጋ ሲመጣ በክንፎቹ ሥር ሸጉጦ ይሸከማቸዋል። በዚሁ አካባቢ ጉማሬ ስላለ ጀልባ ነጂው ርቀቱን ሲጠብቅ «ትንሽ ጠጋ በል» ብሎ መወትወት ተገቢ አይደለም።

ከባሕር ማዶ የመጡትን ለማየት ዓይንን ከትልልቆቹ ወፎች ላይ አንሥቶ ወደ ጭቃው ጠርዝ መመለስ ያስፈልጋል። ጅራቷን ያለማቋረጥ ከፍ ዝቅ እያደረገች በድንጋዮቹ ላይ የምትሮጠው ትንሽ ቡናማ ወፍ፣ በግጦሹ ላይ ከከብቶቹ እግር ሥር ነፍሳት የምትለቅመው ቢጫ ደረት፣ በውሃው ላይ ሰፊ ምንቃሩን እንደ ማንኪያ እየገፋ የሚያጣራው ዳክዬ፣ ሁሉም በአውሮፓ ወይም በእስያ የተፈለፈሉ ናቸው። የአገልግሎቱ ድክመት የሚገለጠውም እዚህ ነው፤ የተሳፈርሁባቸው ጀልባ ነጂዎች የአገሩን ወፍ ጠንቅቀው ሲያውቁ፣ እነዚህን ጥቃቅን እንግዶች ግን «ትናንሾቹ» ብለው ያልፏቸዋል። ሙሉ ዝርዝር የሚፈልግ ሰው ሥልጠና ያለው የወፍ አስጎብኚ ለብቻው መያዝ ይኖርበታል፤ አለዚያም ሜርሊን የተባለውን ወፍ የሚለይ የስልክ መተግበሪያ፣ የኢትዮጵያን ወፎች ከያዘው ክፍል ጋር አስቀድሞ ጭኖ ቢሄድ ኔትወርክ በማይኖርበትም ቦታ ይረዳዋል።

ከአንዳንድ ጀልባዎች ጋር ለተሳፋሪ የሚታደለውን ባይኖኩላር ግን አላመሰግንም። የሰጡኝ 10 ጊዜ የሚያቀርብ ሲሆን፣ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ እያንዳንዱን የእጅ መንቀጥቀጥ በዚያው ልክ ያጎላዋል። ለጀልባ የሚሻለው 8 ጊዜ የሚያቀርብና የፊት መስተዋቱ ስፋት 42 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው፤ 42 ለ8 ሲካፈል የሚገኘው 5 ሚሊ ሜትር ያህል የብርሃን ቀዳዳ በማለዳ ድንግዝግዝታም በቂ ብርሃን ወደ ዓይን ያስገባል። የራስን ይዞ መሄድ የተሻለ ነው።

ወደ ዘጌ የሚቀጥለውን ክፍል በአጭሩ ልለፈው፤ ምክንያቱም ጀልባው እዚያ ማድረሻ እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። በባሕረ ገብ ምድሩ ላይ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና ጫካውን ጠብቆ ስላቆየው፣ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ቱራኮ የተባለውን ነጭ ጉንጭ ያለው ወፍ፣ ረጅም ጅራቱን የሚያውለበልበውን ዝንብ አዳኝ፣ እንዲሁም በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚኖረውን ባለ ጥቁር ክንፍ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ማየት ይቻላል። ችግሩ ጊዜ ነው፤ በግማሽ ቀን ሁለቱንም ለማዳረስ የሚጣደፍ ሰው ሁለቱንም በቅጡ አያይም። እኔ ብመርጥ የዓባይን አፍ እመርጣለሁ።

ክሬን የተባሉት ረጃጅም ወፎች በዚህ ጉዞ እንደሚታዩ የሚነግር ጀልባ ነጂ ካጋጠመ መጠርጠር ያስፈልጋል። በበጋ ከሰሜን ምሥራቅ አውሮፓና ከሩሲያ በሺዎች እየሆኑ የሚመጡት ክሬኖች የሚያድሩት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ነው፤ ቀን ቀን የሚውሉትም እህሉ በታጨደበት ማሳ ላይ፣ የወደቀ ፍሬ እየለቀሙ ነው። ለእነርሱ የሚታወቀው ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አቅራቢያ ያለው የጭምባ ረግረግ ሲሆን፣ ጉዞው በመኪና የሚደረግና ራሱን የቻለ ቀን የሚፈልግ ነው። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ የመንገዱን ጸጥታ በዕለቱ ከአካባቢው ሰው ሳያጣሩ ከከተማ መውጣት አይመከርም።

የዋጋው ነገር እንዲህ ነው፦ ኪራዩ የሚታሰበው በሰው ሳይሆን በጀልባ በመሆኑ ብቻውን የሚሄድ ሰው ይጎዳል፤ አራት አምስት ሆኖ ለሚጋራ ግን ተመጣጣኝ ነው። ይሁን እንጂ የባሕር ዳር ነዋሪ ለሆነ አንባቢ አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። በጀልባ ከሚታየው ውስጥ ቀላል የማይባለው በነጻ በሐይቁ ዳር የእግረኛ መንገድ ላይ ይገኛል። ፔሊካኖቹ የዓሣ ትራፊ ፍለጋ ዓሣ አስጋሪዎች እስከሚያራግፉበት ድረስ ይጠጋሉ፤ በሾላና በወርካ ዛፎች ላይ ፍሬ የሚለቅመው ባለ ትልቅ ምንቃር ወፍ ሲበር የክንፉ ድምፅ ከታች ይሰማል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የእግረኛ መተላለፊያም ወንዙን ከላይ ለመቃኘት ምቹ ነው፤ የበዛዊት ኮረብታ ደግሞ በሞቃት አየር ላይ ለሚንሳፈፉት ንስሮችና ጥንብ አንሳዎች ከጀልባ ይሻላል። ስለዚህ ጀማሪ የሆነ ሰው አስቀድሞ ጥቂት ጠዋቶችን በዳርቻው ተመላልሶ ዓይኑን ቢያለማምድ፣ ኋላ ጀልባ ሲከራይ የሚያየውን ያውቃል።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ቢመዘገብም፣ ዳርቻው በእርሻ፣ በግንባታና በእምቦጭ አረም ተጨንቋል፤ አረሙ ይበልጥ የተስፋፋው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው። ጀልባ ነጂዎቹ የውሃ ጠርሙስና ፌስታል ወደ ሐይቁ የሚጥል ተሳፋሪን እንዲገሥጹ እጠብቅ ነበር፤ ሲገሥጹ ያየሁት ግን አልፎ አልፎ ነው።

ቀብድ ከመላክ በፊት በስልክ የሚጠየቁት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በልኩ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት መኖሩን፣ በጉዞው ላይ ሙዚቃ እንደማይከፈት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ወፎቹ ዘንድ ሲደረስ ሞተሩ ይጠፋ እንደሆነ። ለመጨረሻው ጥያቄ «ለምን ይጠፋል?» የሚል መልስ የሰጠ ሰው ለገዳማቱ ጉዞ ጥሩ ጀልባ ነጂ ሊሆን ይችላል፤ ለወፍ ግን ሌላ ቁጥር መደወል ይበጃል።