ክንፍ ወይስ የመስመር ተከላካይ?

የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው፤ ግራኝ፣ ፈጣን። ጣና ዳር ኳስ ሲጫወት ያየው ሁሉ «ይሄማ የክንፍ አጥቂ ነው» ይላል። እኔ ግን የግራ መስመር ተከላካይ ቢሆን ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ክንፍ ላይ ጎል አለ፣ ጭብጨባ አለ። ግን ልጁ የሚያስፈራው ፊቱ ክፍት ሜዳ ሲያገኝ ነው፤ ጀርባውን ለጎል ሰጥቶ ጠባብ ቦታ ላይ ሲቀበል ኳሷ ትርቀዋለች፣ ሁለት ሰው ከመጣበትማ አለቀ። ከኋላ ሲነሳ ሜዳው ሁሉ ፊቱ ነው። ካናዳዊው አልፎንሶ ዴቪስም በአገሩ ክለብ ቫንኩቨር እያለ የክንፍ ተጫዋች ነበር፣ ባየር ሙኒክ ሄዶ ነው የግራ ተከላካይ የሆነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አነሳ። (እርግጥ ዌልሳዊው ጋሬዝ ቤል በተቃራኒው ከተከላካይነት ወደ ክንፍ ሄዶ ነው የገነነው፣ እንዳትሰድቡኝ።)

መከላከሉስ? አሁን ከጀርባው የሚሮጠውን ሰው ጨርሶ አያይም፣ ሁለት ዓመት ሳይፈጅበት አይቀርም። ግን ግራኝ ተከላካይ ብርቅ ነው፤ ባህር ዳር ከተማም ሆነ ሌላ ክለብ ለሙከራ ቢሄድ ፉክክሩ ይቀልለታል። የክንፉ ወረፋ ከቀበሌ ስኳር ይብሳል።

እሱ ራሱ? «ተከላካይማ አልሆንም ጋሼ» ብሎኝ አኩርፏል።