ተጠንቀቁ፦ አዲስ አበባ ላይ የማይሠራ ማውንት እየሸጡ ነው

ይህን የምጽፈው ዛሬ ከሰዓት ከሱቁ እንደወጣሁ ነው፤ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። በቴሌግራም ፎቶ እየለጠፉ፣ ግማሹን ቀብድ ተቀብለው ዕቃ ከዱባይ የሚያስመጡትን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። በስልክና በድሮን ጀምረው አሁን ቴሌስኮፕ ላይ ደርሰዋል። ቀብዱ እስኪገባ «እህቴ» እያሉ በደቂቃ ይመልሳሉ፤ ከገባ በኋላ መልሱ ሁሉ «ጉምሩክ ላይ ነው» ነው። ይሄን ለምደነዋል። የዛሬው ግን የባሰ ነው።

የፈለግሁት ማውንት ብቻ ነበር፤ ካሜራውን ወይም ቴሌስኮፑን ተሸክሞ ኮከቡን እየተከተለ የሚዞረው መሣሪያ ማለት ነው። ካሜራና 135 ሚሊሜትር ሌንስ አለኝ። ሰማይ ለሚያነሳ ሰው መጀመሪያ መሻሻል ያለበት ማውንቱ ነው። ኦሪዮን በተባለው የኮከቦች ስብስብ አካባቢ ያለ ኮከብ በአንድ ሰከንድ 15 አርክሰከንድ (አንዱ አርክሰከንድ የዲግሪ 3600ኛ ክፋይ ነው) ይሄዳል። የካሜራዬ ፒክስል 4.3 ማይክሮን ስለሆነ በ135 ሌንስ አንዱ ፒክስል 6.6 አርክሰከንድ ይሸፍናል፤ ማውንቱ ትንሽ ቢሳሳትም ኮከቡ ክብነቱን አያጣም። የትኩረት ርዝመቱ 1000 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ሲሆን ግን አንዱ ፒክስል 0.9 አርክሰከንድ ብቻ ነው። ማውንቱ ኮከቡን ካልተከተለ በአንድ ሰከንድ 17 ፒክስል ተጎትቶ መስመር ይሆናል። ደካማ ማውንት ላይ ትልቅ ቴሌስኮፕ መጫን የማውንቱን ስህተት አጉልቶ ፎቶ ማንሳት ነው።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ «ማውንት ብቻውን አይመጣም፣ ከ8 ኢንች ቴሌስኮፕ ጋር ነው የሚሸጠው» ሲሉኝ እሺ ማለቴ ያንገበግበኛል። ማውንቱ ላይ የተጻፈው 13 ኪሎ ይሸከማል ነው። ቱቦው ከነማሰሪያው ወደ 9 ኪሎ ይመዝናል፤ ካሜራውና መከታተያው (ማውንቱ ሲሳሳት ለማረም ኮከብ የሚከታተለው ትንሽ ቴሌስኮፕ) ሲጨመሩ 11 ይደርሳል። በዓይን ለማየት ይበቃል። ለፎቶ ግን ከተጻፈው ግማሹን ያህል ነው መጫን ያለበት፤ ከዚያ ካለፈ ትንሽ ነፋስ ሁሉንም ያወዛውዘዋል።

አንድ ነገር ግን ቀብድ ሳልከፍል በጽሑፍ ጠይቄ ነበር። «ኬክሮስ 9 ዲግሪ ላይ ይወርዳል?» አልኩ። «ለሁሉም አገር ነው፣ ይሠራል» አሉኝ። ለማታውቁት፦ የማውንቱ ዋና ዘንግ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ስለዚህ ከአግድም የሚያዘነብለው በቆማችሁበት ቦታ ኬክሮስ ልክ ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ግድም፣ ሐዋሳ 7፣ ባሕር ዳር ከ11 ተኩል በላይ ነው። አገሪቱ በሙሉ በ3 እና በ15 ዲግሪ መካከል ነው ያለችው። ዱባይ ግን 25 ዲግሪ ላይ ናት። አንድ ማውንት እዚያ ስለሠራ ብቻ እዚህም ይሠራል ማለት አይደለም።

ዛሬ ሄድኩ። የሱቁ ልጅ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ «መጀመሪያ ሂሳቡን እንዝጋ፣ ከዚያ ዘና ብለን እንከፍታለን» አለ። ቀሪውን ግማሽ በሞባይል ባንኪንግ አስተላለፍኩ። ሳጥኑ ሳይከፈት! እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ሞኝነት አለ?

ከፈተው። «9 ላይ አድርግልኝ» አልኩት። አንዱን ብሎን እያላላ ሌላውን ማጥበቅ ጀመረ። ጠቋሚዋ ከ40 ተነስታ 30፣ 25፣ 20 እያለች ወረደች። 15 ላይ ብረት ከብረት ጋር ገጭ አለና ቆመ። መዳፉን ጭኖ በኃይል ገፋው፤ ብሎኑ ሲጎብጥ በዓይኔ አየሁት። እጁን ያዝኩት። ስልኬን አውጥቼ መልእክታቸውን አሳየሁት። አነበበው፣ ስልኩን መለሰልኝና፦ «ይሠራል አልን እንጂ 9 ላይ ይወርዳል አላልንም።»

ካሸሩ አጠገብ የተቀመጠው ትልቁ ሰውዬ ቀና እንኳ ሳይል «ከእግሩ ሥር ድንጋይ አድርጊበት፤ ለናሳ ነው እንዴ የምታነሺው?» አለ። ሁለቱም ሳቁ። ገንዘቤን ስል ግድግዳው ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሳዩኝ፤ ደግሞም «ካርቶኑ ተከፍቷል» አሉኝ። የከፈቱት ራሳቸው ናቸው!

የድንጋዩን ነገር ልመልስ፣ ሌላ ሰው እንዳይሸወድበት። ከ15 ወደ 9 ለመውረድ 6 ዲግሪ ማዘንበል ያስፈልጋል። በትራይፖዱ (ባለሦስት እግር መቆሚያው) የሰሜን እግርና በሁለቱ የደቡብ እግሮች መስመር መካከል 80 ሴንቲሜትር ካለ፣ የደቡቦቹን 8.4 ሴንቲሜትር ከፍ ማድረግ ነው። በሂሳብ ደረጃ ዘንጉ ልክ ይመጣል። ችግሩ ክብደቱ ነው። በእኛ ኬክሮስ ዘንጉ ሊተኛ ምንም አይቀረው፤ ስለዚህ ማውንቱ፣ ሚዛን መጠበቂያዎቹና ቱቦው፣ በድምሩ ከ25 ኪሎ በላይ የሚሆነው፣ ድሮም ወደ ሰሜን ነው የሚያጋድለው። በዚያ ላይ ትራይፖዱን ወደዚያው ስታዘነብሉት ሌሊት ቱቦው ሲዞር ተገልብጦ መስተዋቱ ሊሰበር ይችላል። ሚዛን መጠበቂያዎቹ የሚታሰሩበት ዘንግም የሰሜኑን እግር ይገጫል፤ ይሄኛው እንኳ በማውንቱና በትራይፖዱ መካከል አጭር ምሰሶ በማስገባት ይፈታል።

ዘንጉን ለማስተካከል የሚታየው የሰሜን ኮከብም እዚህ ከአድማስ 9 ዲግሪ ግድም ብቻ ነው ከፍ የምትለው፤ ሽሮ ሜዳ ላለ ሰው እንጦጦ ይጋርዳታል። ስለዚህ በዋልታ መመልከቻ ቀዳዳ (የሰሜን ኮከብን በሚያዩበት) ብቻ የሚስተካከል ማውንት አትግዙ። ማውንቱ ሲዞር ካሜራው ሦስት ቦታ ላይ ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር ዘንጉን የሚያስተካክለው ዘዴ ከየትኛውም የሰማይ አቅጣጫ ይሠራል፤ ማውንቱ ከኮምፒውተር ጋር መገናኘት ቢችል ደግሞ ይቀላል።

ቅደም ተከተሉ፦ መጀመሪያ ማውንት፣ ቀጥሎ ትንሽ መከታተያ ቴሌስኮፕ ከነካሜራው፣ ከዚያ ሌንስ ወይም ቱቦ፣ ካሜራ መጨረሻ። ለዓይን የተሠራ የመስተዋት ቱቦ ከሆነ ካሜራ ሲገጠምበት ፎከስ ማድረጊያው ወደ ውስጥ በበቂ ሁኔታ መግባቱን ጠይቁ፤ ብዙዎቹ አይገቡም። ማውንቱን ደግሞ ቀብድ ሳትከፍሉ ብሎኑ እየዞረ 9 ዲግሪ ላይ ሲደርስ በቪዲዮ ያሳዩአችሁ፤ «እስከ 9 ዲግሪ ይወርዳል» የሚለውን ቃልም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።