ወርድፕረስ ለትምህርት ቤት ኢንትራኔት፦ ሁሉም ደህና፣ ፍለጋው ግን ያቃጥላል

መምህሩ «ዓመታዊ ዕቅድ» ብሎ ይለጥፋል። ምክትል ርዕሰ መምህሩ «አመታዊ እቅድ» ብሎ ይፈልጋል። ድረ ገጹ የተሠራበት ወርድፕረስ ደግሞ ምንም አልተገኘም ይላል። ገጹ እዚያው ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ!

አዳማ ውስጥ ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ኢንትራኔት (የውስጥ ድረ ገጽ) ከመስከረም ጀምሮ በዚህ ሲስተም ላይ ነው፤ ቅሬታዬም ይህችው ናት። ሌላው ይሠራል። ማስታወቂያው ይለጠፋል፣ ወርክሺቱ ይወርዳል። ወርድፕረስ የሚሠራበትን የፒኤችፒን የፋይል መጠን ገደብ ከ2 ሜጋባይት ከፍ ማድረግ ብቻ አይረሳ፤ ስካን የተደረገ ፈተና በዚያ አያልፍም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለዳታቤዙ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የማይገናኙ ቁጥሮች ናቸው። ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐም እንደዚያው። የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል አንድ አድርጎ የሚያይ ዳታቤዝ ለእኛ ይህን አያደርግም። ይባስ ብሎ የቃሉ መጨረሻ ይቀየራል፦ «ትምህርት» ብሎ የፈለገ «ትምህርቱ»ንም «ትምህርቶች»ንም አያገኝም፣ ት ወደ ቱ ወይም ቶ ሲሄድ ሌላ ፊደል ነውና። በቁቤ የሚጽፉት የአፋን ኦሮሞ መምህራን ምን እንደምናማርር እንኳ አይገባቸውም።

መፍትሔው ለጊዜው የመጨረሻዋን ፊደል መጣል ነው። «ትምህር» ብላችሁ ፈልጉ፣ ሦስቱም ይመጣሉ። «መምህ» ካላችሁ መምህርም መምህራንም ይወጣሉ። ወርድፕረስ የተጻፈለትን በጽሑፉ መሐል የትም ቢሆን ስለሚፈልግ፣ ከፊት የ፣ በ ወይም ለ ቢጨመርም አይደናገርም።

«ድሩፓል ብታስተክሉ ኖሮ» የሚል ሻጭ አይጠፋም፤ ድሩፓል እንደ ወርድፕረስ ያለ ሌላ ሲስተም ነው። ወንድሜ፣ የድሩፓል የራሱ ፍለጋ ሙሉ ቃል ነው የሚያመሳስለው፤ «ፈተና» ብዬ ስጽፍ «የፈተናው»ን አያመጣልኝም። ከ3 ፊደል ያነሰ ቃልም በነባሪው አይመዘግብም፣ ስለዚህ «ሕግ» እና «ቃል» ከነጭራሹ የሉም ማለት ነው። «ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) አለው» የሚለኝ ደግሞ መጀመሪያ «ፀሐይ» ብሎ ይለጥፍና «ጸሀይ» ብሎ ፈልጎ ያሳየኝ፣ ከዚያ ስለ ዋጋ እናወራለን። ወርድፕረስን የመረጥኩት አልጸጸተኝም። የሚያናድደኝ ችግሩን ማንም ሳይነግረን መሸጡ ነው።

የሆሄውን ጣጣ ኮድ ሳይነኩ የሚያቃልል መንገድ አለ። ገጹ በ«ፖስት» ሲጻፍ በስተቀኝ ያለችው የአጭር መግለጫ ሳጥን ውስጥ ሌላኛውን አጻጻፍ ጨምሩበት፤ ፍለጋው እሷንም ያነባል። አንዳንድ ቴም (የድረ ገጹ መልክ) ግን ያንን ጽሑፍ በዝርዝሩ ላይ ያወጣዋል፣ አስቀድማችሁ እዩት። ዘላቂው መፍትሔ ገጹ በተቀመጠ ቁጥር ድምፃቸው አንድ የሆኑ ሆሄዎች ወደ አንድ የተቀየሩበት ቅጂ የሚያስቀር፣ ፈላጊው የጻፈውንም በዚያው መንገድ የሚያስተካክል ትንሽ ፕለጊን ማስጻፍ ነው። ኮዱን የሚጽፈው ልጅ ሰባቱንም ቤት ይቀይር። ሠን ብቻ ወደ ሰ ቀይሮ የተወ «ሥራ»ን አያገኝም። ከመጀመሪያው ቤት ደግሞ ሀ ከሃ፣ አ ከኣ ጋር አንድ መሆን አለባቸው።

በድሮው የመጻፊያ ፕሮግራም በቪዥዋል ግእዝ የተጻፈ ዶክመንት ኮፒ ተደርጎ ሲለጠፍ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ ያንን የትኛውም ፍለጋ አያድነውም፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ወደሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር። ፒዲኤፍ ውስጥ ያለውንም ወርድፕረስ አያነብም፣ ርዕሱን በደንብ ጻፉ።

ርዕሱ ረጅም ከሆነ ግን ሊንኩ ይቆረጣል። የሊንኩ ቦታ 200 ምልክት ሲሆን አንድ የግእዝ ፊደል እዚያ ውስጥ በፐርሰንት ምልክት ኮድ ስለሚጻፍ 9 ይወስዳል፣ ከ22 ፊደል በላይ አይገባም። በተመሳሳይ ቃላት የሚጀምሩ የፈተና ገጾች ሊንካቸው በመጨረሻ ቁጥሯ ብቻ ይለያያል፣ ቴሌግራም ላይ ሲላክም የፐርሰንት ምልክት መዓት ነው። በ«ፖስት» ለሚለጠፉት ሴቲንግ ውስጥ ፐርማሊንክ (የሊንክ አሠራር) ገብታችሁ በቁጥር የሚለውን ምረጡ፤ ይህንን ግን ገጾች ሳይበዙ በመጀመሪያው ቀን።