ሰባት ስኒ ያላት የህንድ ቅመም ሣጥን በባሕር ዳር ገበያ ስትሞላ

ማሳላ ዳባ ይሏታል። ክብ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራች፣ ሰባት ትናንሽ ስኒዎችና አንዲት ማንኪያ የያዘች የቅመም ሣጥን ናት። መካከለኛዋ ወርዷ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንዱ ስኒ 4 የሾርባ ማንኪያ ያህል ይይዛል። የህንድን ምግብ ማወቅ ለሚጓጓ ሰው የምትመከር ዕቃ ናት፣ ክዳኗ ከገጠመ።

ስትገዙ ሁለት ክዳን ያላትን ምረጡ። የውስጠኛው ዝርግ ክዳን በሰባቱም ስኒዎች አፍ ላይ ልክክ ማለት አለበት፤ ካልሆነ እርዱ ወደ ከሙኑ ይሻገራል። እዚያው ሱቁ ውስጥ አንዱ ስኒ ላይ ጨው አድርጉና ከድናችሁ አዘንብሏት። ካፈሰሰች ተዉአት፤ ሞልታችሁ በባጃጅ ልትወስዷት ካሰባችሁማ ጭራሽ። መስታወት ክዳን ያላት ለዓይን ታምራለች፣ ግን ብርሃን የእርድንና የበርበሬን ቀለም ያጠፋል።

ለመሙላት የባሕር ዳር ገበያ ይበቃል። ከሙን፣ ሰናፍጭ፣ እርድ፣ ድምብላል፣ አብሽ ሁሉም አለ። ሰው የሚሳሳተው ስሙ ላይ ነው። የህንድ አዘገጃጀት «ጂራ» ሲል ከሙን ማለቱ ነው፤ «አጅዋይን» ነጭ አዝሙድ፣ «ካሎንጂ» ጥቁር አዝሙድ ነው። ሦስቱንም በጅምላ «አዝሙድ» ብሎ ምስር ላይ ነጭ አዝሙድ በማንኪያ የጨመረ ሰው የሳል መድኃኒት የሚሸት ወጥ ያወጣል። ለበርበሬው ስኒም የቤታችን በርበሬ አይሆንም፤ ኮረሪማው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጨው ቀድሞ ገብቶበታል። ምንም ያልተጨመረበት ዛላ አስፈጩ።

ቅመሙ ያው የምናውቀው ነው፤ የሚለየው የሚገባበት ሰዓት ነው። እኛ መከለሻውን ወጡ ሊወጣ ሲል ነው የምንነሰንሰው። እነሱ ፍሬውን ሳይፈጩ በጋለ ዘይት ያፈነዱታል፣ ታድካ ይሉታል። በ200 ግራም ምስር ክክ ሞክሩት። ምስሩን በግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ቀቅሉ፤ ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውኃው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ስለዚህ አዘገጃጀቱ 20 ደቂቃ ካለ 30 አስቡ። በሌላ መጥበሻ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አግሉ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ ጨምሩና ክደኑ። መንጣጣቱ ጋብ ሲል 1 የሻይ ማንኪያ ከሙን ጨምራችሁ 15 ሰከንድ ያህል ቆዩ፣ ከዚያ ምስሩ ላይ ገልብጡት። ከሙኑ ከጠቆረ ይመራል፣ ማዳኛ የለውም፤ ደፍታችሁ እንደገና ጀምሩ። በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤም አታድርጉበት፣ ከሙኑን ይውጠዋል። በጾም ቀን ዘይቱ ይበቃል።

የሣጥኗ ጉድለት ማንኪያዋ አንዲት መሆኗ ነው፤ እርድ የነካ ማንኪያ ሁሉንም ቢጫ ያደርጋል። ሁለተኛ ጨምሩ። በክረምት ደግሞ የባሕር ዳር እርጥበት ዱቄቱን ያጓጉላል፤ ከግማሽ በላይ አትሙሉ፣ በሚንተከተክ ድስት ላይም ከፍታችሁ አትያዙ።

ነጭ አዝሙዱ የሚያበራው በጣና ቆሮሶ ዓሣ ላይ ነው። በፑንጃብ፣ በአምሪትሳር ከተማ የሚታወቀው የዓሣ ጥብስ እሱን ይወዳል። ግማሽ ኪሎ ሥጋው የተለየ ቆሮሶ በሎሚ፣ በጨውና በተወቀጠ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት 15 ደቂቃ ዘፍዝፉ፤ ውኃውን አንጠፍጥፉ፣ አለዚያ ሊጡ ይንሸራተታል። 100 ግራም የሽምብራ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በመዳፍ የታሸ ነጭ አዝሙድ፣ ያንኑ ያህል እርድና አንድ የሻይ ማንኪያ የዛላ ዱቄት በጥቂት ውኃ አዋህዱ፤ ሊጡ ማንኪያ ጀርባ ላይ መያዝ አለበት። የሊጡ ጠብታ በጋለ ዘይት ውስጥ ወዲያው ሲንሳፈፍ ዓሣውን ሊጡ ውስጥ ነክራችሁ ጨምሩ፣ 4 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። የሽሮ ዱቄት ግን አትተኩ፤ የተቆላና የተቀመመ ስለሆነ ዓሣው ሳይበስል ሊጡ ያራል።