የአባዬን ጣት ላልለቀቀችው ሲስተር

ዛሬ የማመሰግነው አንዲት የኢንዶስኮፒ ክፍል (በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ውስጥን የሚያዩበት) ነርስ ነው። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ እንዲህ ያለ ነገር አትወድም። የት እንደምትሠራ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

አባዬ ጣና ዳር ነው ያደገው። ቢልሃርዝያ የሚባለው የትል በሽታ የያዘውም ያኔ ሲዋኝ ነው። የትሉ እንቁላል ጉበቱ ውስጥ እየተቀበረ ጠባሳ ሠራ። ደሙ በጉበት ማለፍ ሲያቅተው ሌላ መንገድ ፈለገ፤ ጣፊያው አበጠ፣ የምግብ ቧንቧው የደም ሥሮችም ተወጠሩ። መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ ሰው "ጉበትህ ነው" ሲባል ጎረቤት ምን እንዳለ አልነግራችሁም።

ደም ካስመለሰው በኋላ የተወጠሩት የደም ሥሮች በኢንዶስኮፒ መርፌ ተወጉለት። በላስቲክ ማሰሩ ይመረጣል፤ ግን ላስቲኩ አልተገኘም። በመርፌው የሚገባው መድኃኒት የደም ሥሩን ግድግዳ አስቆጥቶ ደሙ እዚያው እንዲረጋ ያደርጋል። የመጀመሪያው ዙር በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ላይ ነው ጉዱ።

ሲስተር ገና ሳይገባ የልብ ምቱንና ኦክስጅኑን ለክታ ጻፈች። "አባባ ፕሮፕራኖሎል ስለሚወስዱ ምታቸው ድሮም ቀርፋፋ ነው። የራሳቸውን ቁጥር ካላወቅን በኋላ እንሳሳታለን" አለችኝ። ኦክስጅኑ 93 ነበር፤ ለአዲስ አበባ ከፍታ ደህና ነው። ሲወጣ ጣቱ ላይ የቆነጠጠውን መለኪያ ልነቅልለት ስል "ተይው፣ ዛሬ እዚሁ ያድራሉ" ብላ ቆጣ አለች። እውነቱን ለመናገር ያበዛችው መስሎኝ ነበር።

ወደ ማታ አባዬ ደረቴን ጨነቀኝ አለ። የኦክስጅኑ ቁጥር 84 ገባ። ሐኪሙን የጠራችው እኔ ከወንበሬ ሳልነሳ ነው። ኦክስጅን ተሰጠው፣ ልቡ ተመረመረ፣ ራጅ ተነሳ። ሳንባው ዙሪያ ውሃ ቋጥሯል።

ሐኪሙ ሲያስረዳን ከምግብ ቧንቧ የሚወጣው ደም ወደ ልብ፣ ከዚያም ወደ ሳንባ ይሄዳል። ስለዚህ መድኃኒቱ ወይም የረጋ ደም ቁራጭ አብሮ ሊጓዝ ይችላል፤ በጥቂት በጥቂቱ የሚወጉትም ለዚህ ነው። መጠነኛ የደረት ሕመምና ትኩሳት ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ትንፋሽ ማጠር ግን "ይሻለኛል" ተብሎ አይታደርም። የእናንተም ሰው እንዲህ ቢወጋ ስንት ሰዓት እንደሚከታተሉት ቀድማችሁ ጠይቁ።

አባዬ በሦስተኛው ቀን በእግሩ ወጣ። ቀጣዩንም ዙር ያስቀጠረው እሷ ተረኛ በምትሆንበት ቀን ነው።