የእርጥበት ሴንሰር ያለው ማይክሮዌቭ ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ የተበላሸው ቦርዱ አልነበረም

ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ብልሽት ነው። ማይክሮዌቩን ከገዛሁት ወራት አልፈዋል፤ ወተት ያሞቃል፣ ከፍሪጅ የወጣ ዳቦ ያለሰልሳል፣ ድምፁም አይረብሽም፤ በዚህ በኩል የምጨምረው የለኝም። ከሌሎቹ ይልቅ ይህን እንድመርጥና የዋጋውንም ልዩነት እንድከፍል ያደረገኝ ግን የእርጥበት ሴንሰሩ ነበር። ችግር የገጠመውም እሱው ነው።

የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከመሀል ከተማ ተነሥቶ እዚህ የሚደርስ ሰው በትራንስፖርት ምክንያት ስንት ሰዓት ቤቱ እንደሚገባ ስለማይታወቅ፣ እራት በእኛ ቤት የሚሞቀው በየተራ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያሞቁት እናቴ ናቸው። የቁልፎቹ ጽሑፍ በማያነቡት ቋንቋ ስለሆነ ደቂቃና የኃይል መጠን እየመረጡ እንዲሞሉ መጠበቅ አይቻልም፤ ሴንሰሩ ሲኖር ግን ሳህኑን ከድነው አንዲት ቁልፍ ይጫናሉ፣ ማሽኑም ወጡ ሲሞቅ በራሱ ይቆማል። ስለዚህ ሴንሰሩ ለእኛ ተጨማሪ ጌጥ አይደለም፤ ዕቃውን የገዛንበት ምክንያት ነው።

ብልሽቱ የጀመረው ቀስ እያለ ነው። ሽሮው ሲወጣ መሀሉ እየተንተከተከ፣ ጠርዙ ደግሞ ደርቆ ከሳህኑ ጋር ተጣብቆ ይገኝ ጀመር። የፕላስቲክ መክደኛውም በሙቀት ብዛት ተጣመመ። እናቴ «ልጄ፣ ይሄ ዕቃህ ወጡን ያሳርረው ጀመር እኮ» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት የሳህኑ ነገር እንደሆነ ነበር፤ ሳህን ቀየርን፣ ለውጥ አልመጣም። ቆይቶም ማሽኑ ለረጅም ጊዜ ሲዞር ከቆየ በኋላ ሰሌዳው ላይ የስሕተት ምልክት አውጥቶ ይቆም ጀመር።

ችግሩን ለመረዳት ሴንሰሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠይቃል፤ ሻጮችም ሊያስረዱን የሚገባው ይህን ነበር። ሴንሰሩ ምግቡን አይነካም፣ ሙቀቱንም አይለካም፤ የሚቀመጠው አየር በሚወጣበት መተላለፊያ ላይ ነው። በውስጡ ሁለት ጥቃቅን ቴርሚስተሮች፣ ማለትም ሙቀታቸው ሲለወጥ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅማቸው የሚለወጥ ክፍሎች፣ አሉ፤ ሁለቱም በኤሌክትሪክ ይሞቃሉ። አንደኛው በደረቅ ጋዝ ተሞልቶ በታሸገ ቆብ ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ቀዳዳ ባለው ቆብ ሥር ሆኖ የሚወጣውን አየር ያገኛል። ከምግቡ እንፋሎት ሲነሣ እርጥብ አየር ከሁለተኛው ላይ የሚወስደው የሙቀት መጠን ስለሚለወጥ በሁለቱ መካከል የኤሌክትሪክ ልዩነት ይፈጠራል፤ ቦርዱም፣ ማለትም ማሽኑን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ ይህን ልዩነት አንብቦ እንፋሎቱ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ መሠረት በማድረግ ቀሪውን ያሰላል። ለዚህ ነው ሥራው ሲጀመር ፋኑ ለጥቂት ሰከንዶች ውስጡን የሚያናፍሰው፣ ለዚህ ነው ቀሪው ጊዜ ሰሌዳው ላይ ሳይታይ በሩ መከፈት የሌለበት፣ ለዚህም ነው የውስጡ ግድግዳ ተጠርጎ መድረቅ ያለበት። ሴንሰሩ የሚለካው ለውጥን ነው፤ መነሻው እርጥብ ከሆነ ለውጡ አይታየውም።

እዚህ ላይ የአካባቢያችን ነገር ይመጣል። የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን ወደ 92 ወይም 93 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ እንፋሎቱም የዚያኑ ያህል ቀድሞ ይነሣል። ማሽኑ አዲስ ሳለ ከሚጠበቀው ትንሽ ቀደም ብሎ ይቆም ነበር፣ «ጨምር» የሚለውን ምርጫ በመጠቀም አስተካክለነዋል። ይህን የማነሣው ለምርመራው ስለጠቀመኝ ነው፤ በዚህ ከፍታ ሴንሰር ቢቀድም ያስኬዳል፣ ከዘገየ ግን ምክንያቱ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

መዘግየቱ መጀመሪያ ጎልቶ የታየው እንጀራ በሚጋገርበት ቀን እንደነበር ልብ አልኩ። የኮንዶሚኒየም ማድ ቤት ጠባብ ነው፤ ምጣዱና ማይክሮዌቩ ጎን ለጎን ናቸው፤ አክንባሎው በተከፈተ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት መስኮቱን እስኪያላብ ድረስ ክፍሉን ይሞላዋል። ሁለት ጥርጣሬ ነበረኝ። አንደኛው ምጣዱ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ቮልቴጁ ወርዶ ማይክሮዌቩ ደክሟል የሚል ነው፤ ሁለተኛው በክፍሉ ያለው እርጥበት ሴንሰሩን አሳስቶታል የሚል። ለመለየት አንድ ኩባያ ውሃ አስገብቼ፣ ሴንሰሩን ትቼ፣ ደቂቃ ሞልቼ አሞቅሁ። ምጣዱ ጠፍቶ ውሃው እንደ ወትሮው ሞቀ፤ ምጣዱ በርቶ በጥቂቱ ዘገየ፣ ነገር ግን ወጥ የሚያሳርር ዓይነት ልዩነት አልነበረም። ማግኔትሮኑ (ምግቡን የሚያሞቀውን ሞገድ የሚያመነጨው ክፍል)፣ ትራንስፎርመሩና ፊውዙ ጤነኛ መሆናቸውን በዚህ አረጋገጥሁ። ከዚያ ምጣዱ በማይሠራበት ጠዋት፣ ውስጡን አድርቄ፣ መስኮት ከፍቼ በሴንሰሩ ሞከርሁ፤ አሁንም ዘገየና የስሕተት ምልክቱን አወጣ። የእንጀራው እንፋሎት ነገሩን ቢያባብሰውም ብቻውን ተጠያቂ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ጥገና ቤት ገና ክዳኑ ሳይፈታ ፈረደ። «ጋሼ፣ ይሄ ቦርዱ ነው፤ ቦርድ ደግሞ አይገኝም፣ ቢገኝም የአዲስ ዋጋ ነው» አለኝ። «ወንድሜ፣ ቦርዱ ቢሆን ሰዓት ሞልቼ ስጀምረው እንዴት በትክክል ይሠራል?» ብለው መልስ አልነበረውም። እርግጥ የሴንሰሩን ምልክት የሚቀበለው የቦርዱ ክፍል ብቻውን ሊበላሽ ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ርካሽ ነገሮች አሉ፦ የአየር መውጫው መዘጋት፣ የፋኑ ድካም፣ የሽቦው ማያያዣ፣ የሴንሰሩ ቆብ። ይህን ሳያዩ ሰውን ለአዲስ ዕቃ ማዘጋጀት ተገቢ አይደለም፤ አሁንም እንዲህ የሚሠሩትን ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ።

ክዳኑን ራሴ ያልፈታሁት በምክንያት ነው። ማግኔትሮኑ የሚሠራው ወደ 4,000 ቮልት በሚጠጋ ኃይል ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተርም ማሽኑ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ከፍተኛ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ሰው ይገድላል። የቲቪ ወይም የስቶቭ ጥገና የሚያውቅ ዘመድ ስላለ ብቻ ማይክሮዌቭ መፍታት የለበትም።

ሌላ ባለሙያ አገኘሁ፤ እሱ መጀመሪያ ካፓሲተሩን ባዶ አድርጎ፣ ከዚያ የአየር መተላለፊያውን ፈታ። አጠገቡ ቆሜ አየሁት። የሴንሰሩ ቆብ ብርማ መሆን ሲገባው ቡናማ ሆኗል፤ ጣቱን ሲያሳርፍበት ተጣበቀ። ቀዳዳዎቹ ላይ የወጥ ቅባት ከእንፋሎት ጋር እየተነነ ሄዶ እንደ ቀጭን ቫርኒሽ ደርቆባቸዋል፤ እርጥቡ አየር ወደ ውስጥ የሚገባው በጭንቅ ነው። ከበርበሬና ከዘይት የተሠራ ወጥ በየቀኑ በሚሞቅበት ቤት ይህ መሆኑ አይገርምም። በአልኮል በረጠበ ጥጥ ሳይጫን ጠራረገው፣ የሽቦውን ማያያዣ ነቅሎ መልሶ አጠበቀው፣ እስኪደርቅ ጠበቅን። ቤት ወስጄ ምስር ወጥ ስሞክርበት ቀሪው ጊዜ ሰሌዳው ላይ በወቅቱ መጣ፤ ወጡም እኩል ሞቆ፣ ጠርዙ ሳይደርቅ ወጣ። እናቴ ቀምሰው «አሁን ዳነ» አሉ። የከፈልኩት ለእጅ ሥራው ብቻ ነው።

ለሻጮቹ የምላቸው አለኝ። «ቁልፏን ተጭኖ መርሳት ነው» ትላላችሁ፤ እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ነው። ግን የእኛ ማድ ቤት ውስጥ ምጣድ እንዳለ ታውቃላችሁ፣ ወጣችን ቅባት እንዳለው ታውቃላችሁ። ከአየር መውጫው አጠገብ የሚተን ነገር እንዳይኖር፣ ሳህኑ እንፋሎት ማስወጫ ባለው መክደኛ እንዲከደን፣ ሴንሰሩ ሊደፈን እንደሚችል መናገር ሁለት ደቂቃ አይወስድም። «መመሪያው ላይ ተጽፏል» ካላችሁኝ፣ መመሪያው የተጻፈው እናቴ በማያነቡት ቋንቋ ነው፤ ማሽኑን የሚጠቀሙት ግን እሳቸው ናቸው።

አምራቹንም አላልፈውም፤ ቅባት የሚሄድበት መተላለፊያ ላይ የተቀመጠ ሴንሰር ባለቤቱ ሊደርስበትና ሊጠርገው የሚችል ወንፊት ሊኖረው ይገባ ነበር።

ይህን ሁሉ ብዬም በግዢው አልጸጸትም፤ ሴንሰር የሌለውን በግማሽ ዋጋ ቢያቀርቡልኝ አልለውጠውም። አሁን ማይክሮዌቩን ከምጣዱ ራቅ አድርጌ በማዶ በኩል አስቀምጫለሁ፤ እንጀራ ሲጋገር እኔ ወይም ልጆቹ ደቂቃ ሞልተን እናሞቃለን፣ በሌላው ቀን እናቴ በቁልፏ ይጠቀማሉ። ያልተፈታው የመለዋወጫው ጉዳይ ነው። ሴንሰሩ ብቻውን ተነቅሎ የሚቀየር ትንሽ ዕቃ ሆኖ ሳለ፣ የጠየቅኳቸው ሱቆች ሁሉ ከሙሉ ቦርድ ጋር ካልሆነ አንሸጥም ይላሉ። ለብቻው የሚያስመጣ ነጋዴ ካለ ገና ሳይበላሽ አንድ ገዝቼ ላስቀምጥ ዝግጁ ነኝ።