የፕላኔቶች ፖስተር፦ ሥዕሉ ያምራል፣ ዩራነስ ላይ ግን ተሸወድን

ለልጄ ክፍል የፕላኔቶች ፖስተር ገዛሁ። ከእያንዳንዱ ሥዕል በታች ስሙ ከየት እንደመጣ በሁለት በሦስት መስመር ተጽፏል። የገዛሁትም ለዚህ ነው፤ የፕላኔት ሥዕልማ የትም ሞልቷል።

ኅትመቱ ጥሩ ነው። የሳተርን ቀለበቶች ጥርት ብለው ይታያሉ፣ ወረቀቱም ወፍራም ነው። ማብለጭለጩ ግን አልተመቸኝም። ማታ መብራት ሲበራ የላይኛው ግማሽ አይነበብም።

ጽሑፉም ጅማሬው ላይ ደህና ነው። ሜርኩሪ የአማልክት መልእክተኛ ነው ይላል። ፀሐይን በ88 ቀን ዞሮ ለሚጨርስ ፈጣን ፕላኔት ይገባዋል። ማርስ የጦርነት አምላክ ነው፤ መልኩም ቀይ ነው። አለቀ፣ ግልጽ ነው።

ዩራነስ ጋ ስንደርስ ግን «የሮማውያን የሰማይ አምላክ» ይላል። ኧረ በፍጹም! የሮማውያኑ ካይሉስ ነው የሚባለው። ኡራኖስ የግሪኮች ነው። ከምድር ሌላ ካሉት ሰባት ፕላኔቶች ስሙን ከግሪክ አምላክ የወሰደው ይሄ ብቻ ነው፤ ስድስቱ የሮማ ናቸው። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ወሬ በእጃቸው እያለ ጭራሽ አበላሹት።

ስሙ እንዴት እንደወጣም አንድ ቃል የለም። ፕላኔቱን ያገኘው ዊልያም ኸርሸል ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1781። እሱ የእንግሊዙን ንጉሥ ሣልሳዊ ጆርጅን ለማስደሰት «የጆርጅ ኮከብ» አለው። ከእንግሊዝ ውጭ ማን ይቀበለው? ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዮሐን ቦዴ የአማልክቱን የዘር ሐረግ ቆጠረ፦ የጁፒተር አባት ሳተርን ነው፣ ስለዚህ ከሳተርን ቀጥሎ ያለው በሳተርን አባት ይጠራ። ሳተርን ለግሪኮች ክሮኖስ ነው፤ የክሮኖስ አባት ደግሞ ኡራኖስ። በ1789 ማርቲን ክላፕሮት አዲስ ንጥረ ነገር ሲያገኝ በዚሁ ፕላኔት ስም ዩራኒየም አለው። የእንግሊዞቹ የባሕር ጉዞ አልማናክ (መርከበኞች የሰማይ አካላትን ቦታ የሚያዩበት ዓመታዊ መጽሐፍ) ግን እስከ 1850 ድረስ ጆርጅን አልለቀቀም። ግትርነት ነው መቼም!

ልጄ ይህን ስነግራት ጣቷን ወደ ታች አወረደችና «አባዬ፣ ታዲያ ኔፕቱን የማን አባት ነው?» አለችኝ። የማንም አይደለም፤ የጁፒተር ወንድም ነው። የቦዴ ቆጠራ እዚያ ላይ ይቋረጣል። ፖስተሩ ኔፕቱንን «የባሕር አምላክ» ብሎ ያልፈዋል። ስህተት የለበትም፣ ግን ጠያቂ ልጅ ላለው አይበቃም።

ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቼዋለሁ። ሁለቱ ለሥዕሉ፣ አንዱ ለወረቀቱ። ማንበብ ላልጀመረ ልጅ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግዙ። ማንበብ ለጀመረ ግን መጀመሪያ የዩራነስን መስመር በእስክሪብቶ አርሙት።